ውሃ የጠጣው ግድግዳ

እታለምዬ፣ ሰኞ ረፋድ አራት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የጨረታው ሳጥን በተከፈተበት አዳራሽ፣ አለቃዬ የአንድን አዛውንት ግድግዳ ለሳኝ ሰነድ ከእጄ ተቀብሎ "ውድቅ" የሚል ማኅተም መታበት። ነገሩ የተበላሸው ያኔ ነው።

ሰላምታ ሳላስቀድም ወደ ነገር መዝለሌን እንደ ጥጋብ አትቁጠሪብኝ፤ ሆዴን ብሶት ሞልቶት ነው። እንደምን ከረምሽልኝ? ወገብሽ እንዴት ነው፣ ስፌት ላይ ጎንበስ ስትዪ አሁንም ይይዝሻል? ዓይንሽስ መነጽሩን ለመደ? እኔ ከንዴት በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ናፍቆትሽ ብቻ አልቀንስ አለኝ።

ሥራዬን በደንብ ነግሬሽ አላውቅም። ማዘጋጃ ቤቱ አቅም ለሌላቸው ሰዎች የሚያከራያቸው ቤቶች አሉት። ሃያ ስድስቱ ነዋሪ ለቋቸው ባዶ ቀርተዋል። የሚያድሳቸው ተቋራጭ በጨረታ ይመረጣል፤ ከዚያ በፊት ግን አንድ ሰው ቤት ለቤት ዞሮ ምን እንደሚጠገን መዘርዘር አለበት። ያቺ ሰው እኔ ነኝ። ተጫራቾች ዋጋ የሚሰጡት በዚያ ዝርዝር ላይ ነው፤ ከዝርዝሩ የጨመረም የቀነሰም ይወድቃል።

ባዶ ቤት ገብተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አፌን ከፍቼ ነው የዞርኩት። አልጋና ቁም ሣጥን የቆመበት ወለል እንደ አዲስ ነው፤ ሰዎቹ የተመላለሱበት ግን ሲሚንቶው ተፍቆ መንገድ ሆኗል። አንዱ ቤት ውስጥ ከአልጋው ወደ መስኮቱ የሚሄደው መንገድ ከሁሉም የጠለቀ ነበር። ማን ይሆን ይህን ያህል መስኮቱ ሥር የቆመው ብዬ ፈዝዤ ቀረሁ።

ተጫራቾች ቤቶቹን እንዲያዩ ተጠርተው ነበር። ሌሎቹ ለቢሯችን የሚቀርበውን አንዱን አይተው፣ ፈርመው ሄዱ። ሃያ ስድስቱንም ያዩት እኚያ ለሳኝ ብቻ ናቸው፤ የሙያ ጓደኞቻቸው "ጆሮ" ይሏቸዋል። ለምን እንደሆነ አሥራ አራተኛው ቤት ስንደርስ ገባኝ። መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው፣ በጣታቸው ቆርቆር ቆርቆር አድርገው፣ ጆሯቸውን ለጠፉበት። "ይኼ ግድግዳ ውሃ ጠጥቷል" አሉ። ላዩ ደረቅ ነው፤ ቀለሙ እንኳ አልተላጠም። እንዲፈትሹ ፈቀድኩላቸው። ልስኑን በመሮ ሲያነሱት ከጀርባው ቧንቧው ጠብ ጠብ ይላል፤ ጡቡ እንደ ራሰ ዳቦ ጣት ያስገባል። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ግድግዳ ተምሬያለሁ፤ ያን ዕለት ግን ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን ነው የሆንኩት። በሌሎች አምስት ቤቶችም እንዲሁ አሉ፤ አንዱንም አልሳቱም።

የዚያኑ ዕለት ለዝርዝሩ ማሻሻያ ጻፍኩ፤ የስድስቱ ቤቶች ግድግዳ ተከፍቶ ቧንቧው እንዲቀየር፣ ይህም ለሁሉም ተጫራቾች እንዲላክ። አለቃዬ "ጎሽ" ብሎ ተቀበለኝ። ለማንም እንዳልላከው ያወቅኩት ሳጥኑ ሲከፈት ነው። ለሳኙ ያዩትን አይተው ዝም አላሉም፤ የስድስቱን ግድግዳ ሥራ በአንዲት ገጽ ጨምረው ነበር። ከዝርዝሩ ወጥተዋል ተባለ። ያሸነፈው ተቋራጭ እርጥቡን ግድግዳ ቀለም ሊቀባው ነው።

ለሳኙ አልጮኹም። ኮፍያቸውን አንስተው በአጠገቤ ሲያልፉ፣ "ልጄ፣ ግድግዳው እኮ ደንብ አያነብም" ብለውኝ ወጡ። እስካሁን እገረማለሁ።

ከሰዓት በኋላ ቃለ ጉባኤው ቀረበልኝ። የዝርዝሩ አዘጋጅ ሁሉንም አይታ ትክክለኛነቱን አረጋግጣለች ይላል። አልፈርምም አልኩ። አለቃዬ መጀመሪያ ሳቀ፤ የኔ ቆንጆ፣ የሙከራ ጊዜሽን እንኳ አልጨረስሽም አለኝ። ቀጥሎ የሚያመኝን ነካ፤ ድሃው ቤት አጥቶ አንቺ በግድግዳ ትመጻደቂያለሽ አለኝ። ይኸኛው ጠዘጠዘኝ።

አሥራ አራተኛው ቤት የደረሳት አንዲት ልብስ አጣቢ ናት፤ ሴት ልጇ አስም አለባት። ሄጄ ራሴ ነገርኳት፤ ካልፈረምኩ ቤቱ ይዘገይብሻል፣ ከፈረምኩ ልጅሽ እርጥብ ግድግዳ ሥር ትተኛለች አልኳት። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ከዚያ፣ "እኔ መጠበቅ ለምጃለሁ፤ የልጄ ሳንባ ግን አይጠብቅም። አትፈርሚ" አለችኝ። እታለም፣ ስንት መምህር አስተምሮኝ እንዲህ ያለ ፍርድ ሰምቼ አላውቅም።

እስከ ዛሬ አልፈረምኩም። ቃለ ጉባኤው ከሚፈልገው ሦስት ፊርማ አንዱ ከጎደለ ውል አይታሰርም። አስቢው፤ ያን ሁሉ ማኅተምና ወንበር ያስቆመው አንድ ባዶ መስመር ነው። የማሻሻያዬን ግልባጭ ለቅሬታ ሰሚው አስገብቻለሁ፤ አለቃዬም የቤቶቹ ቁልፎች ወደሚቀመጡበት ቁልፍ ክፍል አዛውሮኛል። ሥራዬን ላጣ እንደምችል ከወዲሁ እወቂው።

እማዬን ጉልበቷን ስመሽ ሰላም በይልኝ፤ ስታነቢላት ሥራዬን ላጣ እችላለሁ ያልኩባትን መስመር ዝለያት። አናጢው ባልሽን፣ የገዛ ቤትህ የኩሽና በር ዛሬም አልዘጋ እንዳለ ነው ወይ ብላሃለች በይው። መንትዮቹን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። አጎታችን ቢሮ ስትገባ አፏን ትይዛለች ብሎ ነበር አይደል? እጅ ነሥቻለሁ፤ አፌን ግን አልያዝኩም በይልኝ።

ከእንግዲህ ሌላ ሰው እውነቱን ባፈነበት ወረቀት ሥር ስሜ እንዲቆም አልፈቅድም፤ ሰው የሚተኛበት ግድግዳ ከነእርጥበቱ ቀለም ሲቀባም ቆሜ አላይም።

ታናሽሽ
ከቁልፍ ክፍሉ ጠረጴዛ
ሐሙስ፣ የካቲት 20 ቀን