ከመስኮት የቀዳኋት እናቴ

ኅዳር 14፣ መሐል ሜዳ

የእማዬ ሙት ዓመት ሳይደርስ መልኳ እየጠፋብኝ ነው። ስለዚህ ጠዋት የመታወቂያዋን ፎቶ አሳድጌ አሳተምኩና መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት፤ በላዩ ስስ ወረቀት ደርቤ መስመሩን ተከትዬ ሣልኳት። ማጭበርበር ይሁን አይሁን እንጃ። አባባ አይተው፣ «ይቺማ መታወቂያዋ ናት» ብለው ሥዕሉን መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው፤ ያኔ ፎቶ አንሺው «ጆሮሽ ይታይ» ብሎ ሻሿን አስወልቋት ተቆጥታ ነበር።

ከሰዓት ፎቶውን ደብቄ እንደማስታውሳት ሣልኳት፤ ሻሿን እንዳሰረች፣ ልትስቅ ስትል። አፍንጫዋ ተጣመመ፤ አንድ ዓይኗም አነሰብኝ። እያፈርኩ አሳየኋቸው። አባባ ትከሻዋን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣ «ምነው ልጄ፣ በዚህ ውርጭ የሱፍ ባናዋን ሳትደርቢላት?» አሉኝ።