ወንድሜን ከነትምባሆው ስላስረከባችሁኝ

ለክቡር ሚስተር ፔንድልበሪ
የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ዮርክሽር

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ በተለይም ሳንባዎ፣ ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ማቪስ ሆልሮይድ እባላለሁ። ወንድሜ ዴሪክ ሁለት ወር በእጃችሁ ቆይቶ፣ ሲጋራ የሚባል ሳይነካ፣ ፊቱ ጠርቶ፣ ምግብ ጣፍጦት ወጣልኝ። ይህ ምስጋናዬ የምር ነው። የቀሩትን ምስጋናዎች እንደሚሆን አድርገው ይቀበሉልኝ።

፩. ሲገባ የወሰዳችሁበትን ትምባሆና ላይተር በላስቲክ አሽጋችሁ፣ ስሙን ጽፋችሁ፣ ሲወጣ በር ላይ ስላስረከባችሁት አመሰግናለሁ። ነርሷ «ንብረቱ ነዋ እናቴ፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ። ለንብረት ያላችሁ ጥንቃቄ መቼም አይጣል ነው! አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሳንደርስ ላይተሩ በመጀመሪያው ጭረት በራ።

፪. መድኃኒቱን በማያጨስ ሰው ልክ ስለቀነሳችሁለትም አመሰግናለሁ። ጭሱ መድኃኒቱን ከደሙ ቶሎ እንደሚያጠፋው ግን ከእናንተ የነገረን የለም፤ በኋላ ከፋርማሲ ሰማሁ። ማጨስ እንደጀመረ የቀነሳችሁት መድኃኒት አልበቃው ብሎ፣ በጆሮው ይሰማቸው የነበሩት ድምፆች ተመለሱ። ከሁሉም የሚጎላው የእናታችን ድምፅ ነው። እናታችን ከሞተች ስድስት ዓመት ሆናት።

አሁን ዴሪክ ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ሁለት ሲጋራ ይለኩሳል። አንዱ የእሱ ነው። ሌላውን በባዶው ወንበር ፊት የስኒ ማስቀመጫ ላይ ያኖረውና «ተይ ማቪስ፣ እንዳታጠፊው! እማዬ ትቆጣለች» ይለኛል። ሲጋራው ብቻውን ነድዶ ያልቃል፣ አመዱን እኔ እደፋለሁ። ትናንት ሳነሳው «ጨረስሽ እማዬ?» ስል ራሴን ሰማሁት። ፈራሁ፣ ክቡርነትዎ። እውነቴን ነው፣ በጣም ፈራሁ።

፫. ከሲጋራ እንደራቀ እንዲቆይ ያግዘዋል ስላላችሁት ሰው አመሰግናለሁ፤ እስካሁን አልደወለም። እኔ ስደውል፣ እገዛው ለተኙት እንጂ ለወጡት አይደለም ተባልኩ። ሥራችሁ በሩ ላይ እንደሚያበቃ ባውቅ ኖሮ አልጋውን እዚያው በሩ ላይ እዘረጋለት ነበር።

ሰኞ ተመልሶ ይገባላችኋል። ልመናዬ አጭር ነው፤ ሲወጣ ላስቲኩን አትስጡት፣ ሰው ይደውልለት፣ የመድኃኒቱን ነገር አስረዱን። ልመናው የእኔ ብቻ አይደለም። ዛሬ ጠዋት ትንሽ ሻል ሲለው እጄን ይዞ «ማቪስ፣ እባክሽ፣ ትምባሆውን እንዳይመልሱልኝ ንገሪያቸው» አለኝ። ይኸው ነገርኳችሁ።

እስከ በሩ ድረስ ስለሸኛችሁን እጅ እየነሳሁ፣ ከበሩ ማዶ በታላቅ አክብሮት የምጠብቃችሁ፣
ማቪስ ሆልሮይድ

ማሳሰቢያ፦ እናታችንም ምስጋናዋን እንዳደርስላት የምትፈልግ ይመስለኛል። ሲጋራ ሳንባዋን በልቶ ከገደላት ወዲህ አንድም ቀምሳ አታውቅም ነበር፤ በእናንተ ደግነት እንደገና ጀምራለች።