ዶክተር ሄራሞ ያላለው ቃል

ልጄ ማራኪ፣

ያለሽበትን፣ እኔ ያላየሁትን አገር ጌታ በሰላም ይሙላልሽ። አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለ። ያኔ ማለዳ ማለዳ ከሄራሞ ጋር ስትሮጪ ሳለ፣ "ጥርስ ሐኪሙ ሄራሞ፣ ማራኪ ለሩጫ አትሆንም ብሏል" ያልኩሽ ውሸት ነው።

እሱስ ጥርሴን ሊነቅል መንቀያውን አፌ ውስጥ ከቶ፣ "ተረፈ፣ ለልጅህ አዲስ አበባ የሩጫ ክለብ አግኝቼላታለሁ። እምቢ ካልክ አሁኑኑ ተናገር!" ብሎ ሳቀ። ደሜን ከተፋሁ በኋላ እምቢ አልኩት። እናትሽ ካረፈች ዓመት አልሞላትም ነበርና ባዶ ቤት ፈራሁ። ለአንቺ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር፤ ስጸልይበት ግን ለራሴ ሆኖ አገኘሁት። አንቺ ተቀይመሽው ሰላምታ ስትነፍጊው እያየሁ ዝም አልኩ። በኋላም ባሕር ተሻግረሽ ሄድሽ፤ ቤቱ ባዶ ከመሆን አልዳነም። ዛሬም እራት ስበላ ወንበርሽን አየዋለሁ።

ሄራሞ ባለፈው ሐሙስ በሰባ ሁለት ዓመቱ አረፈ። እስከ መጨረሻው ሳምንት ማለዳ በሞርሲቶ መንገድ ሳይሮጥ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ አያውቅም። በዚያ መንገድ ሳልፍ እሱ ከፊት፣ አንቺ ከኋላ ስትሮጡ ይታየኛል።

አደራሽን፣ ለባለቤቱ ለገነቴ ደውዪላት። እኔንም ይቅር በዪኝ፤ እጅሽ የነካውን ሁሉ ጌታ ይባርክ።

በቀብሩ ላይ የሕይወት ታሪኩ ከተነበበ በኋላ ፓስተሩ "ምስክርነት ያለው አለ?" ሲል እጄን አወጣሁ። ገነቴና ሕዝቡ ፊት ቆሜ፣ "ልጄ ይህን ሰው የተቀየመችው እኔ በስሙ ስለዋሸሁ ነው" ብዬ ተናገርኩ።

አባትሽ