ደረሰኙ ላይ ስላልታዩት ሦስት ካርቶኖች

ለክቡር ኡስታዝ ወጅዲ አል-ሸናዊ፣
በእስክንድርያ፣ በሙሐረም ቤይ ሠፈር፣ ትራሙ በሚታጠፍበት ጥግ ላይ ለሚገኘው ትልቁ የሸቀጥ መደብር ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ዒዱን ከነቤተሰብዎ በሰላም እንዳሳለፉ ተስፋ አለኝ። ለመሆኑ ወገብዎ እንዴት ሆነልዎት? ቢሮዎ ሁለተኛ ፎቅ ላይ በመሆኑ፣ ወደ ገንዘብ መቀበያዎቹ የሚያወርደው ደረጃም ለወገብ የማይመች ስለሆነ፣ ወደ ታች መውረድ ከተዉ ዘመን እንዳለፈ ሁላችንም እናውቃለን። አላህ ምሕረቱን አውርዶ አንድ ቀን ደረጃውን ለመውረድ ያብቃዎት።

እኔ ሺሓታ አል-መንያዊ እባላለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በሚዛንና በዋጋ ተቆጣጣሪነት መንግሥትን አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ሠራተኞችዎ "ባለቀይ እስክሪብቶው ሐጂ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ፤ አልከፋም። ከመደብርዎ ስወጣ ትራም መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ደረሰኙን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ፣ መስመር በመስመር በቀይ ሳልሞግተው ወደ ቤቴ ሄጄ አላውቅም። የሠፈሩ ሰው ሁሉ ደረሰኙ ከረዘመበት የእኔን በር ያንኳኳል። በዚህም እኮራ ነበር። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍኩት፣ ጉዳዩን በቃል ይዤልዎት ብመጣ ሻይ ጋብዘው ስለሸኙኝ ነው። ቅጂው በፋርማሲው መስኮት፣ በፀጉር አስተካካዩ መስተዋትና በመስጊዱ የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አቤቱታዎቼን በየተራ ቁጥራቸው አቀርባለሁ፤ መጀመሪያ ግን ምስጋና።

አንደኛ፤ መደርደሪያው ላይ የተጻፈው ዋጋና ማሽኑ የሚጠራው ዋጋ በተለያዩ ቁጥር፣ "የመደርደሪያው አሮጌ ነው" የሚል መልስ ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ስለሚጠብቀን አመሰግናለሁ። እንግዲህ በሰባት ዓመት ውስጥ አሮጌው ዋጋ ከአዲሱ በልጦ የተገኘበትን አንድ ቀን አላስታውስም። ይሁንና ስሕተቱን ሳሳይ ልዩነቱ ያለ ብዙ ጭቅጭቅ እዚያው ይመለስልኛል። ባለፈው ዓመት ብቻ አርባ ሁለት ጊዜ ተመልሶልኛል፤ ሒሳብ ተቀባይዋ እጇን ወደ ሽርጧ ኪስ ሰደድ አድርጋ ሳንቲሙን ስትሰጠኝ፣ ይህን ያህል ቀልጣፋ አገልግሎት ለዘረጋው አመራር ልባዊ ምስጋናዬ ይድረሰው።

ሁለተኛ፤ የመልስ ሳንቲም ሲጠፋ በምትኩ ስለሚሰጡን ከረሜላ። ባለቤቴ ሰኒያ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ እኔም ጥርሶቼ ሰው ሠራሽ ናቸው። ስለዚህ ከረሜላዎቹን በማሰሮ አጠራቀምኳቸውና አንድ ቀን የባቄላ ጣሳ ልገዛባቸው ይዤ መጣሁ። ሒሳብ ተቀባዩ ወጣት "ኧረ ሐጂ፣ ይሄ እኮ ገንዘብ አይደለም!" ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ለዚህ ትምህርት አመሰገንኩት፤ ከመደብሩ ወደ እኔ ሲመጣ ገንዘብ የነበረው ከእኔ ወደ መደብሩ ሲመለስ ከረሜላ እንደሚሆን በሠላሳ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ማንም አላስረዳኝም ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ጉድለት ደንብዎ። ከቆጠራ በኋላ የጎደለው ዕቃ ዋጋ ከሒሳብ ተቀባዩ ደመወዝ እንደሚቆረጥ፣ ጉድለቱ ከሺህ ፓውንድ ካለፈም ሠራተኛው ያለ መልቀቂያ ወረቀት እንደሚሰናበት ሰምቻለሁ። ያለ መልቀቂያ ደግሞ ሌላ መደብር አይቀጥርም። ሚዛን የሚያጭበረብሩ ስንት ነጋዴዎችን አይቻለሁ፤ ኪሳራውን በሙሉ ሚዛኑን በያዘችው ልጅ ላይ የሚጭን ግን ከእርስዎ በፊት አላጋጠመኝም። ብልሃት ነው፤ ሳላደንቅ አላልፍም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ ይህን ለማዘግየት መሆኑን እርስዎም ሳይነቁ አይቀሩም።

ከረመዳን በፊት ያለው የሻዕባን ወር ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው፣ እንደየዓመቱ ልማዴ ለችግረኛ ቤቶች የማድለውን የረመዳን ካርቶን ልገዛ መጣሁ። ሩዝ፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ምስር፣ መኮሮኒ፣ ቴምርና ሻይ የያዘው፣ በቀይ ጥብጣብ የታሰረው፣ ዋጋው ሦስት መቶ ሃምሳ ፓውንድ የሆነው መሆኑ ነው። ዘጠኝ አነሣሁ። ስድስቱን ጋሪው ላይ፣ ሦስቱን ከጋሪው ሥር ካለው መደብ ላይ አደረግኩ። የተሰለፍኩት ራውያ ዘንድ ነበር፤ ለስድስት ዓመት ዕቃዬን ማሽኑ ላይ የመታችልኝ ሒሳብ ተቀባይ፣ ሁለት ልጆች ያሏት መበለት። ካርቶኖቹ ላይ ሳንደርስ ነጩ አይብ መጣ። መደርደሪያው ሰማንያ አራት ይላል፤ ማሽኑ ሰማንያ ስምንት። እኔም እንደ ደንቤ ቆምኩ።

ራውያ "ሐጂ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ከኋላዎ ያለውን ሰልፍ ይዩት! አራት ፓውንድ እኮ ነው" አለች። "አራት ፓውንድም ቢሆን መብት መብት ነው" አልኩ። ከኋላ አንዱ "አንቱ ሰውዬ፣ ረመዳን እዚሁ ሊገባብን ነው!" ብሎ ጮኸ። እሷም ከሽርጧ ኪስ አራት ፓውንድ አውጥታ በእጄ አስያዘችኝና ወደ ጋሪው አየት አድርጋ "ካርቶኑ ስድስት ነው አይደል?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አራቱን ፓውንድ እየቆጠርኩ "እህ" አልኳት።

ሰምቼ ይሁን ሳልሰማ "እህ" ያልኩት፣ ይኸው እስከ ዛሬ ራሴን መርምሬ መለየት አቅቶኛል። ጠቅላላው ከጠበቅኩት አነስ ሲል የበዓል ቅናሽ መስሎኝ ነበር ብዬ ልምል እችላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ አልምልም።

ትራም መጠበቂያው ላይ ቁጭ ብዬ ቀዩን እስክሪብቶ አወጣሁ። ካርቶን፣ ብዛት ስድስት። ሦስቱ የሉም። እውነቱን እንድናገር ይፍቀዱልኝ፤ ደስ አለኝ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሳንቲም በሳንቲም የወሰዳችሁብኝን አላህ በአንድ ቀን መለሰልኝ አልኩ። እስክሪብቶውንም ከደንኩና ኪሴ ከተትኩት። ቤት ገብቼ ለሰኒያ ብነግራት "አሁኑኑ ተመለስና ንገራቸው" አለችኝ። ወደ ማምሻው ከሚሰገደው ከዐስር ሰላት በኋላ እሄዳለሁ አልኳት። ከዐስር በኋላ ጉልበቴን እያሸሁ ስታየኝ "ለአራት ፓውንድ እንደ ጎረምሳ ሮጠህ የምትመለስ ሰውዬ፣ ሺህ ፓውንድ ሲሆን ነው እግርህ የታመመው?" ብላኝ ወደ ማድቤቷ ገባች። እንግዲህ ዋጋ ስትጨምሩ የሚያየው ዓይኔ ስትቀንሱ እንደማያይ ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

የረመዳን ካርቶኖቹን በየቀኑ መዝጊያ ላይ እንደምትቆጥሩ እኔ አላውቅም ነበር። ዕቃው በየትኛው ማሽን እንደወጣ ኮምፒውተሩ ይናገራል፤ ካሜራውም የራውያን እጅ ያያል እንጂ የእኔን ጋሪ ሥር አያይም። ሺህ ሃምሳ ፓውንድ ከደመወዟ ተቆረጠ፤ ረመዳን በገባ በሁለተኛው ቀን ተሰናበተች። እኔ ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ሳይ ፈቃድ የወጣች መሰለኝ። ይህንንም አልምልም።

ስምንቱን ካርቶን አድዬ አንዱ ቀረኝ፤ የሚደርሳት አሮጊት ደመንሁር ከተማ ወደምትኖር ልጇ ዘንድ ሄዳ ነበር። የዘበኛችን ሚስት ኡም ረጀብ "ሐጂ፣ ከዳቦ መጋገሪያው ጀርባ ከሥራ የተባረረች የልጆች እናት አለች፤ ለሰው መናገር አፍራ በሯን ዘግታ ነው የምትውለው" አለችኝ። ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ ሰላት ከመድረሱ በፊት ካርቶኑን ታቅፌ ሄድኩና በሩን አንኳኳሁ። የከፈተችው ራውያ ናት።

ካርቶኑን አየችው፤ ቀይ ጥብጣቡን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። "እርስዎ ነዎት ሐጂ?" አለች። ተቀበለችኝና፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ "ለአራት ፓውንድ ሲሟገቱኝ ስንት ጊዜ በልቤ አምቼዎታለሁ፤ እንዲህ ያለ ልብ እንዳለዎት መች አወቅኩ! ይቅር ይበሉኝ" አለችኝ።

እኔም ይቅር አልኳት።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ሰው የሰረቀውን ዕቃ ተሸክሞ ለተሰረቀባት ሰው ሲመጸውት፣ ተመስግኖም ሲሸኝ፣ በየትኛው የጉድለት ደንብዎ እንደሚዳኝ ቢነግሩኝ ደስ ባለኝ።

አራተኛ፤ ለመስተንግዶዎ። በሳምንቱ ሺህ ሃምሳ ፓውንድና ደረሰኙን ይዤ ቢሮዎ ስመጣ ያሳዩኝን ትሕትና መቼም አልረሳም። "ሐጂ፣ መዝገቡ ተዘግቷል፤ የተዘጋ መዝገብ ከፍተን ራሳችንን አናስቸግር" አሉኝ። ከራውያ አንዴ የወሰዱትን ከእኔ ቢደግሙ ሁለት ጊዜ መውሰድ እንደሚሆንብዎ መስጋትዎን ስረዳ፣ ሕሊናዎን አከበርኩ። የመጀመሪያውን ለእሷ መመለስ የሚባል ነገር ግን በሐሳብዎ ውል እንዳላለ አየሁ። ከዚያም "እንደ እርስዎ ያለ ሐቀኛ ዛሬ የት ይገኛል!" ብለው፣ ከመቶ አምስት የሚያስቀንስ፣ "ታማኝ ደንበኛ" የሚል ካርድ ሸለሙኝ። ተቀበልኩት። ልማድ ክፉ ነውና ስወርድ አይብ ገዛሁበት።

አምስተኛው አቤቱታ በእርስዎ ላይ አይደለም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ የሰው ሚዛን ሲያስተካክል የኖረው የሺሓታ አል-መንያዊ ሚዛን ወደ አንድ ወገን ብቻ እንደሚያጋድል፣ ሰውየውም ሦስት ካርቶን ሳይከፍል መውሰዱን፣ አውቆም ሃያ ሦስት ቀን ዝም ማለቱን በዚህ ፊርማ አረጋግጣለሁ። በቀይ የተሰመረበት ደረሰኝ ከዚህ ጋር ተያይዟል። ደረሰኝ ይዛችሁልኝ ትመጡ የነበራችሁ ጎረቤቶቼም ይህን አንብባችሁ ከእንግዲህ ሌላ ሰው ብትፈልጉ አልቀየማችሁም።

ራውያን ሄጄ ነግሬያታለሁ። አልጮኸችም። "ሌሊት ሌሊት በጣቴ እየቆጠርኩ አእምሮዬን ልስት ነበር እኮ" አለች። "የመደብሩን ሽማግሌ ዕቃ ጫኝ ሌባ ብዬ ረገምኩት፤ ሰላምታ ነሳሁት። ምን በደለኝ?" ገንዘቡን ዘረጋሁላት። "ገንዘቡንማ እወስዳለሁ፣ የቤት ኪራይ አለብኝ" አለችና ወሰደች። "ስሜንስ ሐጂ? እሱንም በኪስዎ ይዘውት መጥተዋል?"

በኪሴ አልነበረም። እርስዎ ዘንድ ነው ያለው፤ ሁለተኛ ፎቅ፣ መሳቢያ ውስጥ። ስለዚህ ለራውያ ጉድለት እንዳልነበረባት የሚገልጽ መልቀቂያ፣ ብትፈልግም ወደ ሥራዋ የምትመለስበት ወረቀት እስኪጻፍ ድረስ፣ በየቀኑ ከዐስር ሰላት በኋላ በመደብርዎ በር ላይ ይህን ደረሰኝ ይዤ እቆማለሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ ሌባው እኔ መሆኔን አስረዳለሁ። ገበያዎን የማወክ ሐሳብ የለኝም፤ ጡረተኛ ስለሆንኩ ጊዜ ብቻ ነው ያለኝ።

ለወገብዎ ጤናን፣ ለመደብርዎ ብልጽግናን፣ ለመዝገቦችዎ ደግሞ ጥቂት መከፈትን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞ ተቆጣጣሪ፣ የዛሬ ተከሳሽ፣
ሺሓታ አል-መንያዊ

ከፊርማዬ በኋላ የተጨመረ፦ ስሟ ስላለበት ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለራውያ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማችና "አንደኛ ላይ ያለውን ምስጋና ያጥፉት ሐጂ" አለች። የገንዘብ ሣጥኑ ለተመላሽ የሚከፈተው በእርስዎ ቁልፍ ብቻ ነው አለችኝ፤ ቁልፉ ፎቅ ላይ ነው፤ ሰልፉ ይጮኻል፤ ስለዚህ ሒሳብ ተቀባዮቹ እንደ እኔ ላለ ሰው ከራሳቸው ሳንቲም በሽርጥ ኪሳቸው ይዘው ይውላሉ። "አርባ ሁለቱንም?" ብላት "የእኔን እኔ፣ የሌሎቹን ሌሎቹ" አለችኝ። አሮጌ ደረሰኞቼን አምጥቼ በቀዩ እስክሪብቶ አብረን ደመርናቸው፤ የእሷ ድርሻ መቶ ሰማንያ ሰባት ፓውንድ ሆነ። ከፈልኳት፤ ፊቴ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው። እንግዲህ ትርፉ እርስዎ ዘንድ፣ ተመላሹ ከእሷ ኪስ፣ ምስጋናዬ ደግሞ በስሕተት ወደ እርስዎ ሄዷል ማለት ነው። ካርድዎን ከዚህ ጋር መልሻለሁ፤ ምስጋናዬንም በአክብሮት እንዲመልሱልኝ እጠይቃለሁ፤ በከረሜላ ግን አይሁን።