ስለ ድልድዩ፣ ለጀልባ ቀዛፊው ወንድሜ

ይድረስ በክንዱ ላሳደገኝ ወንድሜ፣ ለጋሼ።

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? ያ ግራ ትከሻህ ብርድ ሲመጣ እንደ ድሮው ይጠዘጥዝሃል ወይስ የላክሁልህን ቅባት እየተቀባህ ነው? አውቅሃለሁ፣ ጠርሙሱን መስኮት ላይ አስቀምጠህ ለመጣ ሰው ሁሉ "እህቴ ናት የላከችልኝ" እያልክ ታሳያለህ እንጂ አትቀባውም። እትዬስ ደህና ናት? እማዬስ ዓይኗ እንዴት ሆነላት? ልጆቹስ? ወንዙስ ሞላ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤናዬ ደህና ነው፤ የሚያመኝ ከእናንተ መራቄ ብቻ ነው። የምጽፍልህ አንተ ስልክ ላይ "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" ብለህ ከመዝጋት ሌላ ስለማታውቅበት ነው። ከደብዳቤ ግን አታመልጥም።

አንተ እያልኩ መጻፉ ራሱ ደስ ይለኛል። እዚህ ምክር ቤት ቀኑን ሙሉ ሰውን ሁሉ "የተከበሩ" ስል ነው የምውለው፤ እኔንም "ክብርት" ይሉኛል። አንቺ የሚለኝ ሰው ካጣሁ ቆየሁ። አከራዬ ልብስ ሰፊዋ እንኳ መጀመሪያ አንቺ ትለኝ ነበር፤ ፎቶግራፌን ጋዜጣ ላይ ካየች ወዲህ አንቱ ብላኝ አረፈች።

ከአፈ ጉባኤነት መውረዴን በሬዲዮ ሳትሰማ አልቀረህም። ድልድዩ መጽደቁንም እንደዚሁ። ዜናው ከተነገረ ወዲህ ግን ከአንተ አንድ ቃል አልመጣልኝም። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ደውሎ እንኳን ደስ አለሽ ብሎኛል፤ የክሊኒኩ የድሮ ባልደረቦቼም ስልኩን እየተቀባበሉ ጮኸውብኛል። ስለ አንተ ስጠይቃቸው "ጀልባው ላይ ነው" ይሉኛል፣ በቃ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ፤ ከዚያ በኋላ ብትቀየመኝም አውቀህ ተቀየመኝ።

ባለፈው ዓመት የቀድሞው አፈ ጉባኤ ታመው ወንበሩን ሲለቁ ምክር ቤቱ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ነበር። በአንድ በኩል ባለ መድኃኒት ቤቱና ወገኖቹ፣ በሌላ በኩል ጠበቃውና ወገኖቹ። አንዱ ያቀረበውን ሰው ሌላው አልቀበልም አለ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን ሣሩን አንስተው ወንበር ላይ አስቀመጡት። የማንም ወገን ያልሆንኩ እኔ ብቻ ነበርኩ። አዋላጅ ነርስ ናት፣ ምጥ አይሰለቻትም ብለው ቀለዱብኝ፤ በእውነትም አንዳንዱ ስብሰባ ከምጥ ይረዝማል።

እናንተ ጋ እልልታው ቀለጠ አሉ። "የእኛ ልጅ ወንበሩን ይዛለች፣ ድልድያችን መጣ" ብላችሁ ጨፈራችሁ። ማንም ያላወቀውን፣ እኔም ወንበሩ ላይ ከወጣሁ በኋላ የምክር ቤቱ ጸሐፊ በጆሮዬ የነገረችኝን ልንገርህ። አፈ ጉባኤ ክርክር ውስጥ አይገባም። ድምፅ የሚሰጠው ሁለቱ ወገን እኩል ሲሆን ብቻ ነው፤ ያኔም በዚህ ቤት ልማድ የሚሰጠው ነገሩ በነበረበት እንዲቆይ ነው። ወርጄ ልናገር ያለ አፈ ጉባኤ ደግሞ በዚያ የምርጫ ዘመን ተመልሶ አይወጣም። እናንተ ስትጨፍሩ እኔ ተለጉሜ ተቀምጬ ነበር።

ብቸኝነቱን ግን ጸሐፊዋም አልነገረችኝ። በምሳ ሰዓት የባለ መድኃኒት ቤቱ ወገን በመስኮቱ በኩል፣ የጠበቃው ወገን በበሩ በኩል ይቀመጣል። አንዱ ጋ ብቀመጥ ሌላው ያኮርፋል። ስገባ ወሬው ይቆማል፣ ስወጣ ይቀጥላል። ስለዚህ ምሳዬን ቢሮዬ ውስጥ በሩን ዘግቼ እበላ ነበር። ለአፈ ጉባኤ በሚሰጠው ቤት ያለው የምግብ ጠረጴዛ ሰርግ ያስተናግዳል፤ እኔ ጥጉ ላይ ቁጭ ብዬ ከሬዲዮው ጋር ራቴን በላሁ። ሾፌሩን አብረን እንብላ ስለው "ኧረ አይገባም ክብርት" ብሎ መኪናው ውስጥ ሄዶ በላ። አንድ ቀን መስታወት ፊት ቆሜ "አንቺ ልጅ፣ እንዴት ነሽ?" ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። አትሳቅ።

የድልድዩ ጉዳይ የቀረበው ባለፈው ሳምንት ነው። የባለ መድኃኒት ቤቱ ወገን ይሠራ አለ፤ የጠበቃው ወገን ገንዘቡ ለዚህ ከተማ አውራ ጎዳና ይዋል አለ። ድምፁ እኩል ለእኩል እንደሚሆን ሁሉም ያውቅ ነበር። በዋዜማው ጠበቃው ቢሮዬ መጣ። ከአፉ ማር ጠብ ይላል። "ክብርት፣ ወንበርዎ ላይ ይቀመጡ እንጂ ሌላ ምንም አልጠይቅዎም። እኩል ሲሆን በልማዱ መሠረት ድምፅዎን ይሰጣሉ፤ ማንም አይወቅስዎም። የወንድምዎም ጀልባ ከሥራ አይወጣም" አለኝ። ስለ ጀልባህ ከየት እንደሰማ እንጃ። አልዋሽህም ጋሼ፣ ልቤ ሁለት ቦታ ተከፈለ። የትምህርት ቤት ጫማዬም፣ የነርስነት ትምህርቴም የወጣው ከዚያ ጀልባ ነው።

ያኔ ድልድይ አሠራለሁ ብዬ ለምርጫ ስወዳደር ወንዙ መሃል ላይ መቅዘፊያህን አቁመህ ተሳፋሪውን "እህቴን ካልመረጣችሁ አላሻግራችሁም" ትል ነበር። ሰዉ ሲስቅብህ፣ "አንተ ሰው፣ የገዛ እንጀራህን ልትዘጋ ነው እንዴ?" ሲልህ፣ "የእኔ ክንድ ይደክማል፣ ወንዙ ግን አይደክመውም" አልካቸው። እንዲህ ማለት የጀመርከው የሸክላ ሠሪዋን ልጅ ካጣናት ክረምት ወዲህ ነው። እሷ በዚያኛው ዳር ታምጣለች፤ እኔ በክሊኒኩ በኩል እጄን ታጥቤ ቆሜአለሁ፤ አንተ በመካከል ሞከርክ፣ ውሃው መለሰህ፣ ደግመህ ሞከርክ፣ ደግሞ መለሰህ። ከዚያ ወዲህ እኔና አንተ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል ተነጋግረን አናውቅም።

በማግስቱ ክርክሩ ሲጋጋል ተነሣሁና ምክትሌን ወንበሩን ይያዙልኝ አልኳቸው። ምክትሌ የድሮ የእግር ኳስ ዳኛ ናቸው፤ ከጠበቃው ወገን ናቸው። እሳቸው ወንበሩ ላይ ከወጡ የጠበቃው ወገን አንድ ድምፅ ይጎድለዋል፤ እኔ ከወረድኩ ለድልድዩ አንድ ይጨመርለታል። ጠበቃው ይህ ሲገባው "አይውጡ! ይቀመጡ!" ብሎ ጮኸባቸው። ሰውየው ኮታቸውን ቆለፉና "ዳኛ ሁን ከተባልኩ ተጫዋች አይደለሁም" ብለው ወንበሩ ላይ ወጡ። እኔ የድሮ ወንበሬ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ያጠናሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ስለ ሸክላ ሠሪዋ ልጅ ብቻ ነገርኳቸው፤ በውሃው ድምፅ መካከል ስትጣራ ይሰማኝ እንደነበር ነገርኳቸው። ከኋላ ወንበሮች ላይ የሚያንቀላፉት እንኳ ነቅተው ነበር። ድምፅ ተቆጠረ፣ ድልድዩ አለፈ።

ከዚያ ወዲህ የጠበቃው ወገን ሰላምታ ነሥቶኛል። የባለ መድኃኒት ቤቱ ወገን ደግሞ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ምሳው ሄደ። ምክትሌ አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡ፤ ዛሬ በቢሯቸው በኩል ሳልፍ ምሳቸውን ብቻቸውን ሲበሉ አየኋቸው። ገብቼ አብሬያቸው ልቀመጥ አሰብኩ፤ ልማዱ አይፈቅድም። እኔ ልብስ ሰፊዋ ቤት ወዳለችው ጠባቧ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ብወርድም አንቱ ማለቱን አልተወችም። የምርጫ ዘመኑ ሊያልቅ አንድ ዓመት ይቀረዋል።

ጋሼ፣ ያኔ ፈቅደህልኝ ነበር፤ አሁን ግን አልጠየቅሁህም። ያኔ ክንድህ ብርቱ ነበር፤ ዛሬ ጢምህ ሸብቷል። ድልድዩ ሲያልቅ ጠዋት ተነሥተህ ወዴት እንደምትሄድ አላውቅም። ፈርጄብሃለሁ፣ ሌላ ስም የለውም። ስደበኝ፣ ተቆጣኝ፣ እችለዋለሁ። ዝምታህን ግን አልችልም። እዚህ ዝም የሚለኝ ሰው ሞልቷል፤ አንተ አትጨመርበት።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ በልልኝ ለእትዬ፤ እትዬን ራሷን ደግሞ የልጆቹን ጩኸት ስለምትችለው አደንቃታለሁ በልልኝ። ትልቁ ልጅ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ፣ ቀበጧም ከወንዙ ዳር እንድትርቅ ንገራቸው። ለወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ ለክሊኒኩ ሰዎች፣ ለሸክላ ሠሪዋም ሰላምታዬ ይድረስ፤ ለእሷ ግን ቀስ ብለህ ንገርልኝ። ጀልባውን አደራ፣ አትሽጠው፣ ለማገዶም አትፍለጠው። ዘመኔን ጨርሼ ስመጣ ድልድዩ ቆሞ ቢጠብቀኝም በእሱ አልሻገርም። እንደ ልጅነቴ ማዶ ዳር ቆሜ እጣራለሁ። መቅዘፊያህን ይዘህ ከመጣህ እንዳልተቀየምከኝ አውቃለሁ። ካልመጣህም እዚያው ቆሜ እጠብቅሃለሁ።

ታናሽ እህትህ

ከወንዙ ማዶ፣ ከልብስ ሰፊዋ ቤት
ሰኔ 14 ቀን፣ በምክር ቤቱ አራተኛ ዓመት