የጋሽ ሶርሳ ማለፊያ

አቶ ሶርሳ ኤርሳዶ ከአባታቸው ከአቶ ኤርሳዶ ዳና እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አልጋነሽ ባሳ በ1946 ዓ.ም. በገሱባ አካባቢ ተወለዱ። ትምህርታቸውን እዚያው ጀምረው ለሁለተኛ ደረጃ ወደ ወላይታ ሶዶ መጡ። ያኔ ሶዶ ትንሽ ነበረች። ቤት የሚገኘው የባለቤቱን ስም ጠይቆ ነው፤ በሰው ጓሮ አቋርጦ መሄድም ማንንም አያስቆጣም ነበር። ወይ ጊዜ! አጎታችን ያችን ሶዶ አንሥተው አይጠግቡም ነበር።

ከ1968 ዓ.ም. ጀምሮ በቀያሽነት ሙያ አገለገሉ። በ1973 ዓ.ም. ከወ/ሮ ንግሥቲ ትግሉ ጋር ትዳር መሥርተው ሰገነትን፣ ኤልሳዕንና ሜላትን ወለዱ።

ከተማዋ ወደ ሁምቦ መውጫ ስትሰፋ የአሁኑን ሰፈራችንን የሸነሸኑት እርሳቸው ናቸው። አንዱን የውስጥ መንገድ ግን ወደፊት ይቀጥላል ብለው ጫፉን ከዋናው አስፋልት ጋር ሳያገናኙ ተዉት። ቤት በቤት ላይ ሲሠራ መንገዱ ታፍኖ ቀረ። አስፋልቱ ከጓሮ እየታየ ሰው ሰፈሩን ሁሉ ዞሮ ይወጣ ጀመር። ምጥ የያዛትን ጎረቤት ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው ሲዞሩ ያዩ ዕለት «ይህን መንገድ የዘጋሁት እኔ ነኝ» አሉ። የራሳቸው ግቢ በመንገዱ ጫፍና በአስፋልቱ መካከል ነበርና አጥራቸውን አፍርሰው፣ እንሰቱን መንጥረው ማለፊያ አወጡ።

እንሰት በእኛ ዘንድ የሴት ሀብት ነው። ሳያማክሯቸው ስለነኩባቸው አክስታችን ንግሥቲ ክፉኛ አኩርፈው ሰነበቱ፤ አጎታችንም የእጃቸውን አገኙ! በኋላ ግን አክስታችን ራሳቸው በማለፊያው ግራና ቀኝ ሌላ እንሰት ተከሉ።

ሌባ እንዳይገባ ሲመሽ የሚዘጋውን የማለፊያውን በር ጎህ ሲቀድ የሚከፍቱት ጋሽ ሶርሳ ነበሩ። ተማሪውም ገበያተኛውም «በጋሽ ሶርሳ እንለፍ» ይላል፤ ባጃጁ ሳይቀር።

ኩላሊታቸውን ታመው አልጋ ከያዙ ወዲህ በየጠዋቱ የሚጠይቁት «በሩ ተከፈተ?» ብለው ነበር። ቦታውን ለሕንፃ የሚፈልገው ብዙ ነውና እኔ ስሞት ይዘጉታል የሚል ሐሳብ ከሕመሙ ይበልጥ አስጨነቃቸው። ልጆቻቸው ቃል ቢገቡላቸውም መጠየቃቸውን አልተዉም።

ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በ71 ዓመታቸው ወደ ጌታ ተሰበሰቡ። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አልፈዋል። እጅግ ይናፍቁናል። ለወ/ሮ ንግሥቲና ለመላው ቤተሰብ እግዚአብሔር መጽናናትን ይስጥ።

ልጆቻቸው በሩን ከነማጠፊያው ነቅለውታል። አስከሬናቸውም በዚያው ማለፊያ ይሸኛል።

ጋሽ ሶርሳ፣ በሩ ተከፍቷል። ጌታ ነፍስዎን በደስታ ይቀበልልን።