ዳክዬዋን ያናገራት ማን ነው

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ

ዛሬም ት/ቤት ዝግ። በማስተር ፕላኑ ረብሻ የአምቦ መንገድም ዝግ፤ ከቡራዩ የሚወጣ ታክሲ የለም። መ/ቤት ደወልኩ፤ የማስታወቂያዎቹን እርማት ቤትህ ሆነህ ሥራ አሉኝ። ሃያ ገጽ ነበረኝ፣ ሁለት አረምኩ። ልብ ወለዴን አልነካሁም። ባለቤቴ ት. የምትሠራበት ፋርማሲ እዚሁ ሰፈር ስለሆነ ሄደች። እኔና ሶስና ብቻ ቀረን።

ስድስት ዓመቷ ነው። ሙሉ ቀን የኔ ሆነች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ስለ አንዲት ጉንዳን ተረት ጻፍኩላት። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ጫማዋን መፈለግ ጀመረች። ኦቦ ደበላ ቤት ካርቱን ሊጀመር ነው።

ኦቦ ደበላ ከአጥሩ ወዲያ ያሉ ጎረቤታችን ናቸው። ሰፈሩ ጤፍ ይዘራበት ከነበረ ጊዜ ጀምሮ እዚሁ የኖሩ ገበሬ። ልጃቸው ዲሽ አስተክሎላቸዋል። የሚይዘው የዐረብ ጣቢያ ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ካርቱን። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እዚያ ነው የሚውለው። ዐረብኛ የሚያውቅ አንድም የለም።

ለአንተ ለደብተሬ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ። ቀናሁ። በሥዕል ቀናሁ።

ታኅሣሥ 5፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ልጠራት ሄድኩ። አልገባሁም። መስኮቱ ሥር ቆሜ ሰማሁ።

ቴሌቪዥኑ ድምፅ የለውም! አጥፍተውታል። የሚናገሩት ኦቦ ደበላ ናቸው።

ሥዕሉ ላይ ኮፍያ ያደረገ ድብ ሐይቅ ዳር ችካል ይተክላል። አንዲት ዳክዬ ከኋላው እየተከተለች ትነቅላለች። ዐረቦቹ ምን እንዳሉበት እንጃ፤ ምናልባት ድንኳን እየተከለ ይሆናል። በኦቦ ደበላ አፍ ግን ድቡ ከቢሮ የመጣ ቀያሽ ነው። «ቦታው ለልማት ስለሚፈለግ በአስቸኳይ እንዲለቁ እናሳስባለን» ይላል፤ ኦቦ አፍንጫቸውን ይዘው ነው ድምፁን የሚያወጡት። ዳክዬዋ ወዲያው አትመልስም። መጀመሪያ ታየዋለች። ከዚያ በኦሮምኛ፣ አንድ ቃል ብቻ፦ «ዲዴ!» እምቢ። ልጆቹ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከሁሉ በላይ ሶስና። ያን ሳቋን አላውቀውም። እኔ ቤት ስቃው አታውቅም።

ያቺ ዝምታ። ከመልሱ በፊት ያለችው። እኔ ስንት ዓመት የደከምኩባት ናት። እሳቸው ማንበብ አይችሉም።

ስለዚህ ተቀናቃኜ ካርቱን አይደለም። የቀረቻቸው እርሻ ከወንዙ ማዶ ለልማት ተብላ የተለካችባቸው ሽማግሌ ናቸው።

ማታ ለት. ነገርኳት። እስኪያስላት ሳቀች። «አንተ ደግሞ፣ ከዳክዬ ጋር ነው ወይስ ከኦቦ ጋር የምትፎካከረው?»

ታኅሣሥ 7፣ ሐሙስ

ሞከርኩ። ስልኬ ላይ ካርቱን ከፈትኩ፤ ድምፁን አጠፋሁ፤ ቀበሮም ዶሮም ሆንኩ። ሶስና በትዕግሥት አየችኝ። እንግዳ ሲያወራ እንደምታየው። ከዚያ እጄን ያዘችኝና «አባዬ፣ አንተ ድቡን ብቻ ሁን። ድቡን ትመስላለህ። ዳክዬዋን ተዋት፣ አትችላትም» አለች።

የማርመው አማርኛ ድምፁ እንደዚያ ነው ማለት ነው? እናሳስባለን የሚል?

ከሰዓት ልጆቹ መንገድ ላይ ድብና ዳክዬ ሲጫወቱ ዋሉ። ድብ የሚሆን ጠፍቶ ተጣሉ። ጎረቤት ለአጥር የወጠረውን ሲባጎ ከነችካሉ ነቀሉት። ሶስና «ኮታ! ኮታ!» እያለች ትመራለች፤ ኑ ማለቷ ነው። ከዋናው መንገድ በኩል ተኩስ ተሰማ። ሁሉም ወደየቤቱ ሮጠ። እሷ የሮጠችው ወደ ኦቦ ደበላ ቤት ነው። በእኛ በር ላይ አልፋ።

ይህን እንደገና አነበብኩት። በእኛ በር ላይ አልፋ።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ

ከቀበሌ አቶ ግ. መጣ። ትሑት ሰው ነው፤ ጫማዬን ካላወለቅኩ ብሎ ታገለኝ። ወንዙ ማዶ ቀያሾች የተከሉት ችካል ተነቅሏል። ልጆች ናቸው ይባላል። ሽማግሌው ለልጆቹ ምንድን ነው የሚያወሩት? አለኝ። ካርቱን ነው አልኩ። «እንግዲያው ካርቱን ነው ብለህ ጻፍልን፣ ጋሼ። አንተ የብዕር ሰው ነህ። አንድ ገጽ። ለምክር ነው እንጂ ማንንም አይጎዳም።»

ምክንያታዊ ይመስላል አይደል? እኔም መሰለኝ። ወይም እንዲመስለኝ ፈለግኩ።

ያው ቀን፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ተቀምጬ ሳልነሳ ጨረስኩት። ስርዝ የለው፣ ድልዝ የለው። ልብ ወለዴ ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ አልታዘዘኝም። የድቡ አፍንጫ፣ የዳክዬዋ ዝምታ፣ ሁሉም እጄ ላይ ነበሩ። ዘንድሮ ከጻፍኩት ሁሉ ይኸኛው ይበልጣል።

መጨረሻው ብቻ ሞተብኝ። ኦቦ ደበላ ሲጨርሱ የሚሉት «በሉ ኢጆሌ፣ ወደየቤታችሁ» ነው። ልጆች፣ ሂዱ። ይህ መዝጊያ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ጨመርኩ። ዳክዬዋ ችካሉን አፏ ላይ እንደያዘች ወደ ሌሎቹ ዳክዬዎች ዞራ፦ «ዛሬ አንድ ነቅያለሁ። ነገ ሁላችሁም ኑ።»

አሁን ገጹ በእግሩ ቆመ።

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

አቶ ግ. በር ላይ ቆሞ አነበበው። መጨረሻው ላይ ሲደርስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ደግሞ አነበበው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ።

ደስ አለኝ። ይህን ሳልደብቅ ልጻፍ። ደስ አለኝ።

ታኅሣሥ 11፣ ሰኞ

ጠዋት ኦቦ ደበላን ወሰዷቸው። ሁለት ሰዎች ነበሩ። እሳቸው በግቢው በር ሲያልፉ ልጆቹን አዩና እንደ ድቡ አፍንጫቸውን ያዙ። ማንም አልሳቀም።

የወሰዷቸው ለጥያቄ ነው አሉ። አልተመለሱም።

ሶስና ቀኑን ሙሉ ከኔ ጋር። የተመኘሁት ይኸው። አጠገቤ ተቀመጠችና ተረት ንገረኝ አለች፤ በራሷ ፈቃድ፣ ማንም ሳይልካት። አፌን ከፈትኩ። ጠበቀች፣ ጠበቀች፤ ከዚያ አሻንጉሊቷን አነሳች።

ታኅሣሥ 12፣ ማክሰኞ

የነዋሪ ስብሰባ። አቶ ግ. ገጹን አነበበ። የጻፈውን ሰው ስም አልጠራም፤ ሽማግሌው ለልጆች ያስተማሩት ነው ብሎ አነበበ። በድቡ ጊዜ ሰው አፉን እየሸፈነ ሳቀ። መጨረሻዋ ላይ ሲደርስ ከኋላ አንዲት ሴትዮ «ይበሉ ኦቦ!» አለች። ተቆጧት።

ቀሪው ቀልድ ነው፣ ይታለፋል፣ አለ አቶ ግ.። የማይታለፈው ያ መጨረሻው ነው። ጥሪ ነው።

ስንወጣ ሰው ሁሉ በሹክሹክታ ያቺኑ ይደጋግማል። ት. ክንዴን ይዛ እሳቸው እኮ ከደራሲ ይበልጣሉ አለችኝ። ምን ዓይነት አነጋገር ነው አለች።

ታዲያ እኔ ምን ተሰማኝ? ጸጸት ልል ነበር። መጀመሪያ የመጣው እሱ አይደለም። ያቺ የኔ ናት አልኩ በልቤ። በሕይወቴ ሰው በቃሉ የያዘልኝ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ፤ እሷንም ኦቦ ደበላ ወሰዱብኝ። በእስር ያለ ሰው ላይ ቀናሁ።

አመሻሽ ላይ በር ላይ ልጆች ይጫወታሉ። ሶስና እንጨት አፏ ላይ ይዛ ዞረች። ሁላችሁም ኑ አለች። በሳቸው ድምፅ።

ታኅሣሥ 13፣ ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

ለት. ነገርኳት። የቱን ነው የጻፍከው አለች። ሁሉንም አልኩ፤ መጨረሻውን ግን ከራሴ። ከዚያ ሸሚዝ አውጥታ ወንበሩ ላይ ጣለችልኝ።

ወደ ፖሊስ ጣቢያው እሄዳለሁ። ያን አላሉም፣ የጨመርኩት እኔ ነኝ እላለሁ። የምሄደው እሳቸውን ላስፈታ ነው ወይስ ዓረፍተ ነገሬን ላስመልስ? አላውቅም። ለይቼ እስካውቅ ብቆይ አልሄድም።

የምናገረውን እዚህ ላይ ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። በሦስተኛው ጊዜ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ገባኝ። እያሳመርኩት ነው።

ይብቃ። ሳልጽፈው ልሂድ። እንደመጣልኝ፣ እንደተንተባተብኩ፣ ያቺ የመጨረሻዋ የኔ... ይኸው ደግሞ እየጻፍኩት ነው፤ ሄድኩ።